«ጓደኛዬ ለምን ከእኔ ይበረታል?»፦ የአንድ የጌም ጃም ጨዋታ የጉዳይ ጥናት

ከደረሱን አስተያየቶች ሁሉ አንዱ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። አጭር ነው። «ጨዋታው ደስ ይላል። ግን ጓደኛዬ ለምን ከእኔ ይበረታል?» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ አለፍኩት። የጨዋታ ወሬ መሰለኝ። ሰውየው ግን የምሩን ነበር። በጨዋታችን ውስጥ የተደበቀውን ትልቁን ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮናል። የሚለውን እስክንሰማው አራት ቀን ፈጀብን።

ጨዋታው «ጉተታ» ይባላል። ሦስት ሆነን በ72 ሰዓት ሠራነው። አንዱ ጓደኛችን ኮዱን ጻፈ። አንዷ ሥዕሉንና ድምፁን ሠራች። እኔ ደግሞ ደረጃዎቹን አዘጋጀሁ፤ ካስረከብን በኋላ አስተያየቶቹን ማንበብና መመለስም የእኔ ድርሻ ሆነ።

ጌም ጃም ላልገጠመው ሰው፦ በተሰጠ መሪ ሐሳብ፣ በተወሰኑ ሰዓታት ውስጥ ከባዶ ተነስቶ ጨዋታ ሠርቶ ማስረከብ ነው። ሉደም ዴር የሚባለው ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ አለ፤ እሱ ላይ ብቻህን ከሠራህ 48 ሰዓት፣ በቡድን ከሆነ 72 ሰዓት ነው። በብዙዎቹ ጃሞች ዳኞቹ ራሳቸው ተሳታፊዎቹ ናቸው። እኔ የአንተን እጫወታለሁ፣ አንተ የእኔን ትጫወታለህ። አንድ ሰው በአንድ ምሽት አሥር ጨዋታ ሊሞክር ይችላል። ለአንዱ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሚጽፈው አስተያየት አጭር ነው፣ ቅን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ስሜቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግርህም።

የጉተታ ሐሳብ ቀላል ነው። እስከ አራት ተጫዋቾች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። ገመዱ ጫፍ ላይ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ተባብረው ቋጥኙን ዳገት ላይ መጎተት ነው። ሁሉም ነገር በፊዚክስ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ሲንሸራተት ሌላውን ይዞ ይወርዳል። አንዱ ሲዘል ገመዱ ይወጠርና ጎረቤቱን ያነሳዋል። ዩኒቲ በተባለ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ሠራነው፤ በብሮውዘር እንዲከፈትም አደረግን። ዳኞች የሚወርድ ፋይል ካዩ ብዙዎቹ ያልፉታል፤ ሊንክ ተጭነው ወዲያው የሚገቡበትን ይመርጣሉ።

አንድ ተጫዋች ክፍል ይከፍታል፤ አራት ፊደል ያለው ኮድ ይሰጠዋል። ሌሎቹ በዚያ ኮድ ይገባሉ። ፊዚክሱን የሚያሰላው ክፍሉን የከፈተው ሰው ኮምፒውተር ብቻ ነው። እንግዶቹ የተጫኑትን ቁልፍ ይልካሉ፣ ማን የት እንዳለ ይቀበላሉ። ይህንን እዚህ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ የመጣው ግራ መጋባት ሁሉ ከዚህች አሠራር ይነሳል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የመጡት አስተያየቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። አንዱ «ቁጥጥሩ እጅግ ለስላሳ ነው፣ ወዲያው ይታዘዛል» ይላል። ከሱ በታች ያለው ደግሞ «ጭቃ ውስጥ የምራመድ ያህል ከባድ ነው» ይላል። ሌላው «ዝም ብዬ ቆሜ ድንገት ሰማይ ላይ ተወነጨፍኩ» ብሎ ጻፈ። ያቺ የመበርታት ጥያቄም መሃላቸው አለች። ተመሳሳይ ጨዋታ፣ ተመሳሳይ ቀን።

እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሲገጥምህ የሚቀናህ ነገር አለ። አማካዩን ትወስዳለህ። ወይም «የሰው ምርጫ ይለያያል» ብለህ ታልፋለህ። እኛ ያደረግነው ትንሽ የባሰ ነው። «ከባድ ነው» ያሉት ስለበዙ የመጎተቻውን ጉልበት በግማሽ ጨመርነው። ሌሊቱን አዲሱን ቅጂ አወጣን። በነጋታው «ከባድ ነው» የሚሉት አልቀነሱም። የሚወነጨፉት ግን በዙ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። የሆነ ነገር እየተነገረን እንዳልገባን ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው።

ከዚያ ነው መጠየቅ የጀመርኩት። እያንዳንዱ አስተያየት ሰጪ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ክፍሉን የከፈትከው አንተ ነህ ወይስ ገብተህ ነው?» ይኸው ብቻ። መልሶቹን ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ጻፍኳቸው። ከመለሱልኝ ውስጥ «ለስላሳ ነው» ያሉት ሁሉ ክፍሉን የከፈቱ ነበሩ። «ከባድ ነው» ያሉት ሁሉ ገብተው የተጫወቱ ነበሩ። ማንም አልተሳሳተም። ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነበር የሚጫወቱት። የአንዱ ቁልፍ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይሰላል። የሌላው ኢንተርኔት አቋርጦ ሄዶ፣ ተሰልቶ፣ ውጤቱ ተመልሶ ይመጣል። ያ የደርሶ መልስ ጊዜ ነው «ጭቃ» የሆነበት።

የጭቃው ምክንያት በዚህ ታወቀ። መበርታቱና መወንጨፉ ግን እንደቀሩ ናቸው።

መልሱን ያመጣው ያ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጥያቄዬን ሲመልስ ሳልጠይቀው አንድ ነገር ጨመረ። ከጓደኛው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው የተጫወቱት፤ በሁለት ኮምፒውተር። ነገሩ ስላልገባቸው ቦታ ተቀያየሩ። «ጉልበቱ ከእሱ ጋር አልመጣም። ከወንበሩ ጋር ቀረ» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጉልበቱ የሰውየው አልነበረም፣ የኮምፒውተሩ ነበር። ክፍሉን ማን ከፈተ የሚለውም አይደለም፤ እሱንም ቀያይረው ሞክረውታል። የቀረው ማሽኑ ነው። ማሽኖቹ በምን ይለያሉ ብዬ ጠየቅኩት። አንዱ ተራ ላፕቶፕ ነው። ሌላው ለጨዋታ የተገዛ፣ በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ያለው።

ኮዱን የጻፈው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ወዲያው ፋይሉን ከፈተ። ነገሩ ወዲህ ነው። ዩኒቲ ሁለት ዓይነት ምት አለው። አንዱ የስክሪኑ ምት ነው፤ ሥዕሉ በታደሰ ቁጥር ይመታል። ሌላው የፊዚክሱ ምት ነው፤ ካልነካኸው በየ0.02 ሴኮንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል፤ ስክሪኑ ምንም ይሁን ምን። ጉልበት መጨመር ያለበት በሁለተኛው ላይ ነው። እኛ በመጀመሪያው ላይ ጨምረነው ነበር። ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ እስካለ ድረስ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ሥዕሉ በታደሰ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ «ግፋ» ይባላል። ግፊቶቹ እስከሚቀጥለው የፊዚክስ ምት ይጠራቀማሉ። 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ በሰከንድ 60 ግፊት ነው። በ144ቱ ላይ 144። ያው ቁልፍ፣ ያው ጣት፣ 2.4 እጥፍ ጉልበት።

የእኛ የሦስታችንም ስክሪን 60 ነው። ስለዚህ በ72ቱ ሰዓት ውስጥ አንድም ጊዜ አላየነውም። ሌላ ሰው እጅ እስኪገባ ሊታይም አይችልም ነበር።

መወንጨፉም ከዚሁ ነው የመጣው፤ መንገዱ ግን ረዘም ይላል። የእንግዳው ኮምፒውተርም በየፍሬሙ «ግፋ» የሚል መልእክት ይልክ ነበር። ክፍሉን የከፈተው ማሽን ደግሞ በደረሰው መልእክት ቁጥር ይገፋል። መልእክቶቹ የሚሄዱት በዌብሶኬት ነው፤ ብሮውዘር ክፍት አድርጎ የሚይዘው የመልእክት መስመር ነው። ዌብሶኬት የተሠራው ቲሲፒ በተባለው የኢንተርኔት መላላኪያ ደንብ ላይ ነው። ቲሲፒ ደግሞ ታማኝ ነው፦ አንዲት ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) መንገድ ላይ ብትጠፋ እሷ እንደገና ተልካ እስክትደርስ ከኋላዋ ያሉትን ያስጠብቃቸዋል። ከዚያ ሁሉንም በአንዴ ያስረክባል። ለፋይል ማውረድ ይህ ግሩም ነገር ነው። ለእኛ ግን መድፍ ሆነብን። 200 ሚሊሴኮንድ ብቻ ቢታገድ 60 ፍሬም ካለው ሰው 12 ግፊት ይከማቻል። በ144 ፍሬም ወደ 29 ይጠጋል። ያ ሁሉ በአንዲት የፊዚክስ ምት ሲፈስ ገጸ ባሕሪው ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ገመዱ ደግሞ ሌሎቹን ይዞ ይነሳል። «ዝም ብዬ ቆሜ ተወነጨፍኩ» ያለው ሰው እውነቱን ነው። የተተኮሰው ጎረቤቱ ነበር።

ጉልበቱን በግማሽ የጨመርነው ዕለት እያንዳንዱን ጥይት አክብደነዋል ማለት ነው።

ማስተካከያው ከምርመራው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት መስመር ነው። እንግዳው «ግፋ» ብሎ መላኩ ቀረ። «ቁልፉ ተይዟል» ወይም «ተለቋል» ብሎ ብቻ ይልካል። ክፍሉን የከፈተው ማሽን ያንን ያስታውሳል፤ በእያንዳንዱ የፊዚክስ ምት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ግፊት ብቻ ይሰጣል። መልእክት ቢዘገይ ይዘገያል እንጂ አይጠራቀምም። ጉልበቱንም ወደ ቀድሞው መለስነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መወንጨፍ የጻፈልን የለም። የጃማችን ደንብ በድምፅ መስጫው ጊዜ ስህተት ማረም ይፈቅዳል፤ አዲስ ነገር መጨመር ግን አይፈቅድም። ይህ ንጹሕ ስህተት ስለነበር ያለ ጭንቀት አወጣነው።

የጭቃው ነገር እንዲህ አልቀለለም።

የጭቃው ችግር የቆየ ነው። ኩዌክ የተባለው የተኩስ ጨዋታ በእ.ኤ.አ. 1996 ሲወጣ በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚጫወቱት ሰዎች ተመሳሳይ ስቃይ ነበረባቸው። የጨዋታው ፕሮግራመር ጆን ካርማክ በዚያው ዓመት ኩዌክወርልድ በተባለው ቅጂ መፍትሔ አመጣ፦ የተጫዋቹ ኮምፒውተር የሰርቨሩን (ጨዋታውን የሚያሰላውን ዋና ኮምፒውተር) መልስ ሳይጠብቅ የራሱን እንቅስቃሴ ገምቶ ያሳያል፣ ሰርቨሩ ካልተስማማ በኋላ ያስተካክላል። ግን እዚያ የምትገምተው የራስህን እግር ነው። ጉተታ ላይ እግሬ በአንተ ገመድ ተይዟል። የእኔን ለመገመት አንተ የምታደርገውን፣ የቋጥኙን መንከባለል፣ የሦስተኛውን ሰው መንሸራተት ሁሉ መገመት አለብኝ። ይቻላል። በመኪና ኳስ የሚጫወቱበት ሮኬት ሊግ የተባለው ጨዋታ መኪናዎቹንም ኳሱንም በእያንዳንዱ ተጫዋች ማሽን ላይ በሰከንድ 120 ጊዜ ያሰላል፤ ከሰርቨሩ ጋር ሲለያይ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ያሰላል። ያ ግን የዓመታት ሥራ ነው። በቀረን ሳምንትና በሦስት ሰው አይሞከርም።

ሥዕል የምትሠራው ጓደኛችን ሌላ መንገድ አመጣች። ቦታውን መገመት ካልቻልን፣ ጥረቱን እናሳይ አለች። አሁን እንግዳው ቁልፉን እንደተጫነ እዚያው ማሽኑ ላይ ገጸ ባሕሪው ጎንበስ ይላል፣ እግሩ ሥር አቧራ ይነሳል፣ «እ!» የሚል የመጎተት ድምፅ ይወጣል። ትክክለኛው እንቅስቃሴ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ይከተላል። መዘግየቱ በአንድ ሚሊሴኮንድ እንኳ አልቀነሰም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ገብተው የተጫወቱት ሰዎች ቃል ተለወጠ። «ቁጥጥሩ ከባድ ነው» ማለት ትተው «ቋጥኙ ከባድ ነው» ማለት ጀመሩ። ይህን ልዩነት በጣም ነው የምወደው። ከባድነቱ ከእጃቸው ወጥቶ መሆን ያለበት ቦታ ገባ።

ከስህተቶቹ ሁሉ ያሳዘነኝ ግን አስተያየት አላገኘም ማለት የሚቻለው ነው። አንድ ሰው ብቻ ጻፈ፦ «ገባሁ፣ ሁሉም ነገር ቆሟል፣ ወጣሁ።» ሌሎች ስንቶች ሳይጽፉ እንደወጡ እንጃ። ለሁለት ቀን እኛ ጋ ሊደገም አልቻለም። በኋላ እኔና ጓደኛዬ ከየቤታችን ስንሞክረው እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ክፍል ከፈትኩ። ኮዱን ልልክለት ወደ መልእክት መላኪያው ታብ ሄድኩ። እሱ ገባ። «ቆሟል» አለኝ። ወደ ጨዋታው ተመለስኩ፤ ተንቀሳቀሰ። ብሮውዘር ላይ የማይታይ ታብ ሥዕል ማደሱን ያቆማል፤ የጨዋታው ልብም አብሮ ይቆማል። ፊዚክሱን የምታሰላው የእኔ ማሽን ናት። እኔ ኮዱን ልልክ ስሄድ የሁሉም ዓለም ይቆማል። ሰው ጓደኛውን በሚጋብዝባት በዚያችው ቅጽበት ማለት ነው። ጓደኛው የሚያየው የመጀመሪያ ምስል የደረቀ ጨዋታ ነው።

ከዚህ የባሰ ቦታ ላይ ስህተት ማስቀመጥ ይከብዳል። ሦስታችን ስንሠራ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ስለነበር ኮዱን በቃል ነበር የምንነጋገረው። ታብ ቀይረን አናውቅም።

ብሮውዘሩ ታቡ ሲደበቅ ለጨዋታው ያሳውቀዋል። በዚያች ቅጽበት አንዲት መልእክት ለእንግዶቹ እንድትሄድ አደረግን፦ «ክፍሉን የከፈተው ሰው ሌላ ታብ ላይ ነው። ሲመለስ ይቀጥላል።» የቆመው ዓለም ቆሞ ይቀራል፣ ግን የገባው ሰው አሁን የሚጠብቀውን ያውቃል።

ስለ ገመዱም ብዙ ተጽፎልናል። «ገመድ ሳይሆን ላስቲክ ነው» የሚል በብዛት መጣ። ምክንያቱ የክብደት ልዩነት ነው። ቋጥኙን የአንዱ ገጸ ባሕሪ 100 እጥፍ አድርገነው ነበር። ብዙዎቹ የፊዚክስ ኤንጂኖች (የጨዋታውን እንቅስቃሴ የሚያሰሉት ፕሮግራሞች) የታሰሩ ነገሮችን መገጣጠሚያ በአንዴ አይፈቱም፤ ደጋግመው እየተጠጉ ነው የሚፈቱት፤ ዩኒቲ ካልነካኸው 6 ጊዜ ይሞክራል። ቀላል ነገር ከእጅግ ከባድ ነገር ጋር ሲታሰር በ6 ሙከራ አይደርስበትም፤ ገመዱ ይለጠጣል። ልዩነቱን ወደ 10 እጥፍ አወረድነውና ለቋጥኙ ሰበቃ ጨመርንለት። ተጫዋቹ ክብደቱን የሚያውቀው በቁጥሩ አይደለም፣ በመንሸራተቱ ነው። ገመዱ ገመድ ሆነ።

አንድ አስተያየት ግን ደጋግሞ ቢመጣም አልተቀበልነውም። «ሰዎቹ ይንገዳገዳሉ፤ ቀጥ ብለው ይቁሙ» የሚለው። ጉተታ ማለት መንገዳገዱ ነው። እኔ ቀጥ ብዬ ብቆም አንተ ብትወድቅ ምንም አይመጣብኝም። ከዚያ ገመዱ ለምን አስፈለገ? በዚህ ላይ ብቻችንን አይደለንም። ሰርጀን ሲሙሌተር በእ.ኤ.አ. ጥር 2013 በግሎባል ጌም ጃም በ48 ሰዓት ሲሠራ ሐሳቡ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር የቀዶ ሐኪም እጅ ነበር። ጣቶቹ ቢታዘዙ ኖሮ ጨዋታው የለም። ጎት ሲሙሌተርም ከአንድ የስቱዲዮ የውስጥ ጃም ወጥቶ በእ.ኤ.አ. 2014 ሲለቀቅ፣ ሠሪዎቹ ጨዋታውን የሚያቋርጡትን ስህተቶች ብቻ አርመው የሚያስቁትን ተዋቸው።

ያም ሆኖ ጆሮ ዳባ ልበስ አላልናቸውም። ከእነዚህ ሰዎች አንዷን ምን እንዳስቸገራት በዝርዝር ጠየቅኳት። መውደቁ አልነበረም። ወድቆ መነሳቱ ነው። ወድቆ ለመነሳት 3 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላው ተንሸራትቶ መልሶ ይጥላታል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ወደ 1 ሴኮንድ አወረድነው። መንገዳገዱ እንዳለ ነው። እሷም ተመልሳ ተጫወተች።

ብቻቸውን መጥተው አብሯቸው የሚጫወት ሰው ያጡ ዳኞች ጉዳይ ከጃሙ በኋላ ለሚወጣው ቅጂ ተላልፏል፤ አዲስ ነገር መጨመር ስለሆነ። እዚያ ላይ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሁለት ገጸ ባሕሪ ይዞ መጫወት ይችላል፤ በግራ እጁ አንዱን፣ በቀኝ እጁ ሌላውን። እሱን ስንሞክር ብዙ ኪቦርዶች አንዳንድ ቁልፎችን ሦስት ሆነው ሲጫኑ አንዱን እንደሚውጡ አየን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እጅ ሦስት ቁልፍ ብቻ ሰጠነው፤ የትኞቹ እንደሚዋጡም በተለያዩ ኪቦርዶች እየሞከርን መረጥን።

የአስተያየት መስጫውንም ቀየርነው። ድሮ «ጨዋታውን እንዴት አገኙት?» ይል ነበር። አሁን መጀመሪያ የሚጠይቀው ክፍሉን የከፈተው ማን እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ጨዋታው ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው የፈለገውን የሚጽፈው።

ያልተፈታ አለ። አራት ሆነው የተጫወቱ ሰዎች ገመዱ አንዳንዴ በራሱ ላይ ይጠመዘዝና ቋጥኙ ውስጥ ይገባል ብለው ጽፈዋል። ያዩት ገብተው የተጫወቱት ብቻ አይደሉም፤ ክፍሉን የከፈተውም አይቶታል። ስለዚህ የመዘግየት ጉዳይ አይመስለኝም። ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞከርነው፣ አልመጣልንም። ዛሬ አራተኛ ሰው ፈልገን እንደገና እንሞክራለን።